በበሬ ፊት የማይሳል ቢላ

አንድ አራጅ ነበረ። ቆዪ ብርቅነሽ፣ አታቋርጪኝ፤ የጥያቄሽ መልስ እሱ ዘንድ ነው። «ጋሼ፣ ነገ ለሚታረዱ ዶሮዎች ዛሬ ስለ ክንፋቸው መጨነቅ ምን ይረባል?» አይደል ያልሽኝ? እንግዲያው ስሚ። ደግሞ አራጁ እኔ እንዳልመስልሽ፤ እኔ ዶሮ ሳርድ እንኳ ዓይኔን የምጨፍን ሰው ነኝ።

ይህ አራጅ በአገሩ የታወቀ ነበር። «ሠርግ የሚደግስ ሰው ሙሽራዋን ከመጠየቁ በፊት እሱን ይጠይቃል» እየተባለ ይቀለድ ነበር። ከአባቱ የወረሰው አንድ ሕግ ነበረው፦ ቢላ በከብት ፊት አይሳልም፤ ከብት በከብት ፊት አይታረድም። ቢላውን ጓሮ ስሎ፣ ከጋቢው ሥር ሸሽጎ ይመጣል። በሬውን ውኃ ያጠጣዋል፣ ግንባሩን ያክለታል፣ ከዚያ አንዴ ብቻ ይቆርጣል። ሁለተኛ የለም። በዚህም ይኮራ ነበር። ቢኮራስ! የሚያምርበት ኩራት ነው።

ታዲያ አንድ ባለጸጋ መጣና ትልቅ ቄራ አሠራ። ሥጋው በአውሮፕላን ባሕር ማዶ የሚሄድ ነው። በየቤቱ ማሳረድ እየቀረ ሲሄድ፣ አራጁም ቤተሰብ አለበትና እዚያው ተቀጠረ።

በመጀመሪያው ቀን አርባ በሬ በጠባብ መተላለፊያ ተሰልፎ ጠበቀው። የፊተኛው ሲወድቅ የኋለኛው ቆሞ ያያል። አራተኛው ቡሬ ነበር። ሦስተኛው ሲታረድ አየና ተንበርክኮ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አራጁ ሠላሳ ዓመት ሲያርድ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም። በበሬ ፊት አፈረ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቴ ቆረጠ።

ወደ ባለጸጋው ሄደና፣ «ጌታዬ፣ የኋለኛው የፊተኛውን እንዳያይ አንድ ግድግዳ ያሠሩልኝ» አለው።

ባለጸጋው ሳቀ። «አንተ ሰውዬ፣ በሬ እኮ ነው! ሄዶ ለማን ይናገራል? ግድግዳ ከሠራሁ ሰልፉ ይዘገያል፤ አውሮፕላን ደግሞ በሬ አይጠብቅም። ካልተመቸህ ሥራ የሚለምን አራጅ በር ላይ ሞልቷል።»

ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ስታስታጥበው እጁን አየች። «ምነው፣ ይንቀጠቀጣል እኮ! እኔ ሳገባህ በዚህ እጅ ኮርቼ ነበር» አለችው።

በሳምንቱ ባለጸጋው ቄራውን ሊያስመርቅ ድግስ ደገሰ። ሹማምንቱና ሥጋ ገዢዎቹ ተሰበሰቡ፤ ቁርጥ ቀረበ፤ ጨዋታው ደራ። በዚህ መሐል አራጁ ደም የነካውን ሽርጡን እንዳገለደመ ገባ። ከባለጸጋው ወንበር ኋላ ቆመና ቢላውን በሞረድ ይስል ጀመር። ሸክ፣ ሸክ። ይስልና የባለጸጋውን ማጅራት አየት ያደርጋል፤ ደግሞ ይስላል።

ጨዋታው ቀዘቀዘ። አንዱ ሹም ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ። ባለጸጋው ሳያስበው አንገቱን በእጁ ሸፈነና ዘሎ ተነሣ። «ምን ነካህ አንተ! ሰው በሚበላበት ቢላ ይሳላል? ውጣ!»

«ጌታዬ፣ ምን አጠፋሁ? ለሥራዬ ነው የምስለው» አለ አራጁ። «እርስዎ እኮ እንደማላርድዎ እያወቁ ነው እንዲህ የደነገጡት። በሬው ግን እንደማርደው ያውቃል።»

ቢላውን እጀታውን ወደ ባለጸጋው አዙሮ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ግድግዳው ሲሠራ ይላኩብኝ» አለና ቀና ብሎ ወጣ።

ከገዢዎቹ ሁሉ በዕድሜ ትልቁ ቁርጡን አስቀመጠና፣ «የምን ግድግዳ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ባለጸጋው የሚያሳየው ግድግዳ ግን አልነበረም። ሰውዬው ሥጋውን ሳይገዛ ሄደ። በአሥራ አንደኛው ቀን አራጁ ተላከበት። መጣ፤ ግድግዳውን በመዳፉ ዳሰሰው፤ እጁም አልተንቀጠቀጠም።

እንግዲህ ብርቅነሽ፣ «በሬዎቹ ተረፉ ወይ?» ብትዪኝ፣ አልተረፉም። ታረዱ፣ ተበሉ። እኔም ሥጋ አይቼ የማልፍ ሰው አይደለሁም፤ መቼም አልዋሽሽም። ግን መሞታቸው ላይቀር፣ ማሰቃየቱን ምን አመጣው? አራጁ ቢላ ነበረው፤ አንቺ የቁጥጥር ማኅተም አለሽ። እነዚያ ዶሮዎች ሳጥን ውስጥ ተጠቅጥቀው፣ ክንፋቸው ተሰባብሮ በመኪና ሲመጡ «ደኅና ናቸው» ብለሽ የምታትሚው አንቺ ነሽ። ያለ አንቺ ማኅተም አንዲት ዶሮ ከዶሮ ቄራው በር አታልፍም። ታዲያ ለምን እኔን ትጠይቂኛለሽ? የዶሮዎቹን ባለቤቶች ጠይቂያቸው እንጂ! ሰፊ ሳጥን እስኪያመጡ ድረስ ማኅተሙን ጠረጴዛቸው ላይ አኑሪላቸውና ቀና ብለሽ ውጪ። ከላኩብሽ ትመለሻለሽ። ካልላኩብሽም፣ በእጅሽ የሚኮራ አጎት አለሽ።