አውድማ ላይ አይወራም

«ተረት ተረት!» ስላችሁ «የአውድማ በረከት!» በሉኝ፣ ልጆች።

ድሮ ድሮ ቢሻው የሚባል ባለ ብዙ መሬት ገበሬ ነበረ። ቢሻው ጅብ አይፈራም። ሽፍታ አይፈራም። የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሠራተኛ መጥቶ «ምንዳዬስ?» ሲለው። ብዙ ብል እከስራለሁ፣ ትንሽ ብል ጥለውኝ ይሄዳሉ እያለ መልሱን ያድበሰብሳል።

እርሻ ሲጀመር ታደገ የሚባል ሠራተኛ ቀጠረ። ታደገ ሞፈሩን ተሸክሞ መጣና፣ «ጌታው፣ ምንዳዬ ምን ያህል ነው?» አለው።

«ያልተዘራ እህል ይሰፈራል እንዴ?» አለ ቢሻው። ተገላገልኩ ብሎ ፈገግ አለ።

አረም ሲደርስ ምስጋው የሚባል ጎልማሳ ተጨመረ። ታደገ ደግሞ ጠየቀ።

«ማሳው ላይ ያለ እህል የኔ መሆኑ በምን ይታወቃል? አሁን ገና የወፍ ነው» አለ ቢሻው።

ጤፉ ታጨደ፣ ተከመረ፣ በበሬ ተወቃ። ታደገ ለሦስተኛ ጊዜ አፉን ሲከፍት ቢሻው ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

«ሽሽ! ወጉን ረሳኸው? አውድማ ላይ የሚያወራ በረከት ያባርራል!»

እውነት ነው፤ በዚያ አገር ምርት የሚሰበሰበው በዝምታ ነበር። ታደገና ምስጋው ተያዩ።

«ወግ ነው» አለ ታደገ።

«ወግማ ወግ ነው» አለ ምስጋው።

እንዴት ያለ መልካም ወግ ነው! አለ ቢሻው በሆዱ።

ይህን እያለ ሰማዩ ያለ ወቅቱ ጠቆረ። ጤፉ ሜዳ ላይ ተቆልሏል።

«ታደገ! ዝናብ መጣ! ስልቻ አምጣ!»

ታደገ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

«ምስጋው! ቁርበት አልብሰው!»

«ሽሽ!» አለ ምስጋው።

ቢሻው ወደ ሚስቱ ወደ አንጓች ዞረ። «አንቺ እንኳ ንገሪያቸው!»

«እኔ ምን አውቄ! ወጉን የምታውቀው አንተ ነህ» አለችው።

የመጀመሪያዋ ጠብታ አፍንጫው ላይ ጠብ አለች።

«እሺ፣ እናውራ!» ብሎ ጮኸ። «ታደገ፣ ከእርሻ ጀምረህ ሠርተሃል፤ አራት ዳውላ። ምስጋው፣ የመጣኸው በአረም ነው፤ ሁለት ዳውላ። ከዚህ በላይ ብሰጥ ለከርሞ ዘር አይተርፈኝም።»

ዓይኑን ጨፍኖ ጩኸቱን ጠበቀ። ጩኸት የለም።

«ጭድ ጨምርበት። በሬዬ ከስቷል» አለ ታደገ።

«ተጨምሯል!»

«የኔ ያነሰው ዘግይቼ ስለመጣሁ ነው?» አለ ምስጋው።

«ሌላ ምን አለ!»

«እኔ ደግሞ ንቀኸኝ ዝም ያልክ መስሎኝ ከአረም ጀምሮ ስብሰለሰል! ይህችን ለመናገር ነው እንዲህ ያማጥከው?» አለ ምስጋው፤ ስልቻውን ግን ተሸክሞ ሮጧል።

ምርቱ ለጥቂት ተረፈ። ዳር ዳሩን ዝናብ መታው። ሠራተኞቹ ደረቁን ሰፍረው ሄዱ፤ እርጥቡ ለቢሻው ቀረና ሻገተ። በጋውን ሙሉ አንጓች ያንኑ ጋግራ ታቀርብለታለች። ፊቱን አጨማዶ አፉን ሊከፍት ሲል ጣቷን ከንፈሯ ላይ ታደርጋለች።

«ሽሽ! ገበታ ላይ አይወራም!»

በሚቀጥለው ዓመት፣ በሬ ሳይጠመድ፣ ታደገ ሳይጠይቅ፣ ቢሻው ራሱ ሁሉንም ሰብስቦ ምንዳቸውንና ምክንያቱን ተናገረ።

ደባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ፣ የሚባለው ለዚህ ነው። እኔም የተረቴን ዋጋ አስቀድሜ አልተዋዋልኩም፤ እንግዲህ ዳቦውን እንደ ኅሊናችሁ።