ጤፍ የጎረሰው ስልክ

ላውጋችሁ? «አውጊን!» ካላችሁኝማ ጀመርኩ።

ስንዱ የምትባል ሴት ነበረች። እህቷ ምጥ ይዟት ደሴ ሐኪም ቤት ገብታለች። ስንዱ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስልኳ ጮሆ «ተገላገለች!» እንዲላት። ታዲያ ልብስ እያጠበች ጎንበስ ስትል ስልኩ ከጉያዋ ሾልኮ ሳፋው ውሃ ውስጥ ጥልቅ! «የረጠበ ስልክ ሩዝ ውስጥ ይቀበራል» ሲባል ሰምታለች። ሩዝ የለም። ጤፍ አለ። ቀበረችው! ጤፍ ደግሞ የማይገባበት ቀዳዳ የለም።

«ጩህልኝ እንጂ ስልኬ!»

«ዘርጋው ካልጠገነኝ አልጮህም» አለ ስልኩ።

ጎረቤቷ ስልክ ጠጋኙ ዘርጋው መጣ። ፈታታውና በሳቅ ፈረሰ። «ስንድዬ፣ ስልክ ነው ጎተራ? ጤፉ ካልወጣ አልገጥመውም።»

«ውጣ አንተ ጤፍ! ዘርጋው አልገጥምም አለ፣ ስልኩ አልጮህም አለ፣ እህቴ ምጥ ላይ ናት!»

«ተጣብቄ? ዶሮዋ ካልለቀመችኝ አልወጣም።»

«ልቀሚ አንቺ ዶሮ! ጤፉ አልወጣም አለ፣ ዘርጋው አልገጥምም አለ፣ ስልኩ አልጮህም አለ፣ እህቴ ምጥ ላይ ናት!»

«ድመቷ አፍጥጣብኝ? እሷ ካልተነሳች አልለቅምም።»

«ተነሺ አንቺ ድመት! ዶሮዋ አልለቅምም አለች፣ ጤፉ አልወጣም አለ፣ ዘርጋው አልገጥምም አለ፣ ስልኩ አልጮህም አለ፣ እህቴ ምጥ ላይ ናት!»

«በዚህ ብርድ? ግድግዳው ጋ ፀሐይ ካልወጣች አልነሳም።»

ፀሐይን ለመነቻት። «ደመናው ካልሄደ አልወጣም» አለች። ደመናውን ለመነችው። «እግር የለኝ፣ ነፋስ ካልገፋኝ አልሄድም» አለ። አሁንስ ስንዱ ልታለቅስ ደረሰች።

«ንፈስ አንተ ነፋስ! ደመናው አልሄድም አለ፣ ፀሐይዋ አልወጣም አለች፣ ድመቷ አልነሳም አለች፣ ዶሮዋ አልለቅምም አለች፣ ጤፉ አልወጣም አለ፣ ዘርጋው አልገጥምም አለ፣ ስልኩ አልጮህም አለ፣ እህቴ ምጥ ላይ ናት!»

ነፋሱ አኮረፈ። «በምን ልጫወት? ገመዱ ባዶ! ልብሱን ሳፋው ውስጥ ትተሽው የለ እንዴ?»

ስንዱ ግንባሯን መታች። ሮጠች፣ ጨመቀች፣ አሰጣች። ነፋሱ የባሏን ሱሪ እያስጨፈረ ነፈሰ፣ ደመናው ሄደ፣ ፀሐይዋ ወጣች፣ ድመቷ ተነስታ ግድግዳው ስር ተንጋለለች፣ ዶሮዋ ጤፉን ለቀመች። («ቀስ በይ እናቴ፣ ሽቦውን እንዳትነኪ!» ይላል ዘርጋው።) ጤፉ ወጣ፣ ስልኩ ፀሐይ ላይ ደረቀ፣ ዘርጋው ገጠመው፣ ስልኩም...

ዝም አለ።

ስንዱ ትንፋሿን ዋጠች። ዘርጋውም ዋጠ።

ጮኸ!

«እቴ! አክስት ሆነሻል! ስሚያት!» አለች እህቷ፤ ጨቅላዋ ልጅም ከስልኩ በላይ ጮኸች። ስንዱ እልል አለች፣ ዘርጋውም ወንድነቱን ረስቶ እልል አለ።

እኔም ጨረስኩ። አፌ ደርቋል፣ ውሃ አቀብሉኝ። ስልካችሁን ብቻ ራቅ አድርጉት።