የፊታውራሪው ቃር

ልጄ አንድ ቀን፣ «እማዬ፣ ቃር ከየት ነው የሚመጣው?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ይህን አጫወትኳት።

አንድ ፊታውራሪ ነበሩ። የሁዳዴ ጾም በተፈታ ቀን ለሦስት ሰው የቀረበ ዶሮ ወጥ ብቻቸውን ጨርሰው፣ እጃቸውን እንደታጠቡ አልጋ ላይ ተጋደሙ። ብዙም ሳይቆይ ደረታቸው ተቃጠለ፤ ኮምጣጣ ውኃ ጉሮሯቸው ድረስ መጣ። ዘለው ተነሡና ወጥ ሠሪዋን አስጠሩ።

«አንቺ! መርዝ አብልተሽኛል! ዛሬውኑ እግር ብረት ትገቢያለሽ!»

«ጌታዬ፣ እንደ ደንቡ ከፊትዎ ቀምሼ አይደል ያቀረብኩት? ኋላም ከዚያው ድስት በልቻለሁ።»

«ታዲያ እኔን ሲያቃጥለኝ አንቺን ለምን ተወሽ? ተናገሪ!»

ሴትዮዋ እጅ ነሣች።

«ጌታዬ፣ እኔ እንደበላሁ ቆሜ ዕቃ ሳጥብ ነበር፤ የበላሁትም ከሆዴ ረግቶ ተቀመጠ። እርስዎ ሲጋደሙ ግን ለኮምጣጣው መንገዱ ሜዳ ሆነለትና እየፈሰሰ ጉሮሮዎ ደረሰ። ወጡን ሁለታችንም በልተናል፤ የተጋደሙት እርስዎ ብቻ ነዎት። እግር ብረት የግድ ከሆነ አልጋው ይግባ፤ እግር እንደሆነ አራት አለው።»

ፊታውራሪው ሊቆጡ ሲሉ ግሣት ቀደማቸው። አሽከሮቹ ሣቁ፤ ሴትዮዋም በሰላም ወደ ማጀቷ ተመለሰች።

በማግስቱ ጠዋት ቁርሴን በልቼ እንደ ልማዴ ጋደም ልል ስል የልጄ ዓይን አረፈብኝ። ምን ላድርግ? ዳዊቴን አነሣሁና ቆሜ ደገምኩ።