መላጣው ኤርጋሽና መሳቅ ያቃተው ዴቭ

«ተረት ተረት!»

«የመሰረት!»

ደህና። እንግዲያስ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ።

በድሮ ጊዜ፣ ከእኛ እጅግ በራቀው በኡዝቤኮች አገር፣ ጉልሳይ የምትባል መንደር ነበረች። በጉልሳይ ኤርጋሽ የሚባል መላጣ ሰው ይኖር ነበር። ኤርጋሽ ሐብሐብ ሻጭ ነበር። አይ፣ ልታረም፤ ሐብሐብ አብቃይ ነበር። መሸጡንስ አልቻለበትም፤ ላለፈ ላገደመው ሁሉ እየቆረጠ ያጎርስ ነበርና።

የዚያ አገር ሰዎች አስኪያ የሚሉት ጨዋታ አላቸው። ከሥራ በኋላ በሻይ ቤት ይሰበሰባሉ። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ አንድ ርእስ ይመርጣሉ፤ ከዚያም በቀልድ ይመታታሉ። ሕጉ አጭር ነው። የተመታው ሰው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ከሁሉ አስቀድሞ ይስቃል። የተቆጣ ግን ተሸነፈ።

በዚህ ጨዋታ የኤርጋሽን ታላቅ ወንድም ማማጆንን የሚያህል አልነበረም። ማማጆን ተሸንፎ አያውቅም። ኤርጋሽ ደግሞ አሸንፎ አያውቅም። ሁልጊዜ ይመቱታል፤ ሁልጊዜ ደረቱን ይዞ ይስቃል፤ ሻዩን ጠጥቶም ወደ ቤቱ ይሄዳል።

አንድ በጋ ከተራራው ዴቭ ወረደ። ዴቭ ማለት ኮረብታ የሚያህል ጭራቅ ነው። መጥቶም በምንጩ አፍ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። ውኃው ቆመ። ሐብሐቡ ጠወለገ።

«ውኃ የፈለገ በአስኪያ ያሸንፈኝ!» አለ ዴቩ። «ግን እወቁ፤ በጨዋታው ላይ አስማት አድርጌበታለሁ። የተቆጣ ድንጋይ ይሆናል። እኔም ብሆን!»

በመጀመሪያ አንጥረኛው ሄደ። ተቆጣ፤ ድንጋይ ሆነ። ቀጥሎ ዳኛው ሄደ። ተቆጣ፤ ድንጋይ ሆነ። በመጨረሻ ማማጆን ሄደ። ማማጆንም ተቆጣ፤ ድንጋይ ሆነ። ዴቩ አሸነፋቸው ልበል? አይ፣ እንዲህስ ልክ አይሆንም። መምታት እንጂ መመታት አለመልመዳቸው ነው ያሸነፋቸው።

ያን ጊዜ ኤርጋሽ ከተቀመጠበት ተነሣ።

«ኧረ ተው አንተ ሰው!» አሉት ጎረቤቶቹ። «አንተን እኮ ጡት ያልጣለ ሕፃን እንኳ ያሸንፍሃል!»

«እሱስ እውነት ነው» አለና ሳቀ ኤርጋሽ። «ነገር ግን ወንድሜ እዚያ ፀሐይ ላይ ቆሞ፣ እኔ እዚህ ሻይ አይወርድልኝም።»

ሄደ። መንደሩም ተከተለው። በሻይ ቤቱ የምትኖረው ድርጭትም እየበረረች ተከተለችው። ይህች ድርጭት እንደ ሰው ትናገር ነበር።

ዴቩ ገና ከሩቅ አየው። «ርእሳችን ራስ ነው!» ብሎ ጮኸ። «መላጣህን ሳይ ጨረቃ የወጣች መስሎኝ ልተኛ ነበር!»

ኤርጋሽ ደረቱን ይዞ ሳቀ። «ሚስቴም የመብራቱ ዘይት ሲያልቅ ‹ቆብህን አውልቅ› ትለኛለች! ያንተ ራስ ግን ምንኛ ሰፊ ነው! ሐሳብ ባንዱ ጆሮ ገብቶ ወደ ሌላው ሳይደርስ ይመሽበታል።»

ሰዉ ሳቀ። ዴቩ አልሳቀም። በልቡ ስለ ተቆጣ የእግሩ ጣቶች ድንጋይ ሆኑ።

«ርእሳችን አህያ ነው!» አለ ዴቩ። «አህያህ ከመክሳቷ የተነሣ ጥላዋ ከእሷ ይወፍራል!»

ኤርጋሽ ደረቱን ይዞ ሳቀ። «ምን ይገርማል፣ ጌታው! ማን ማንን ይሸከም እየተባባልን ስንሟገት ገበያው ይበተንብናል። ያንተዋ አህያ ግን ጠፍታለች አሉ። ክብደትህን ችላው ነበር፤ ወሬህ ነው የሰለቻት።»

ሰዉ ሳቀ። ዴቩ አልሳቀም። እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ድንጋይ ሆነ።

«ርእሳችን ወንድም ነው!» አለ ዴቩ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ምስኪን እናታችሁ! ሁለት ወልዳ አንዱ ድንጋይ ሆነባት፣ አንዱ መሳቂያ።»

ኤርጋሽን እዚህ ላይ መትቶት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እጁ ወደ ደረቱ አልሄደም። ዓይኑ ቀላ። እግሩ ቀዘቀዘ፤ እስከ ጉልበቱም ድንጋይ ሆነ። 

ይኼኔ ድርጭቷ በርራ መጥታ መላጣው ላይ ቁጢጥ አለች።

«ምን ታደርጊያለሽ?» አለ ኤርጋሽ፣ ጥርሱን ነክሶ።

«ይቅርታ ጋሽ ኤርጋሽ» አለች። «እንቁላሌ መስሎኝ ልታቀፈው ነው።»

ኤርጋሽ ሳይወድ በግዱ ፈገግ አለ። ከዚያም ከት ብሎ ሳቀ። ጉልበቱ ተላቀቀ። እግሩ ሞቀ።

«እውነትህን ነው፣ ጌታው» አለ እንባውን እየጠረገ። «እኔ የመንደሩ መሳቂያ ነኝ። ቢሆንም ወንድም ያለው ሰው ደግ ነው። ፊቱ ሲቆሽሽ የሚነግረው አለው። አንተ ግን ይኸው ከመጣን ጀምሮ የድርጭቷን ኩስ አፍንጫህ ላይ አድርገህ ትፎክራለህ፤ ማን ይንገርህ?»

ዴቩ አፍንጫውን ዳሰሰ። አዎ፤ ነበረ። መንደሩ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ።

ዴቩ በቁጣ አጓራ። ድንጋዩ ወደ ጉልበቱ፣ ከዚያም ወደ ወገቡ ወጣ።

«ሳቅ፣ ወንድሜ!» አለው ኤርጋሽ ደንግጦ። «አንዴ ብቻ በራስህ ሳቅ፤ ይለቅሃል!»

«በእኔ አይሳቅም!» አለ ዴቩ። ያን ብሎ አፉን ሳይገጥም ዐለት ሆነ። ዐለቱም ለሁለት ተሰነጠቀ፤ ውኃው በመካከሉ ተንፎለፎለ። ውኃው ሲነካቸው አንጥረኛው አስነጠሰ፤ ዳኛው አዛጋ፤ ማማጆን ዓይኑን ገለጠ።

ማማጆን ወንድሙን ትክ ብሎ አየው። «አንተ፣ ዛሬም ጠጉር አላበቀልህም?» አለው።

ኤርጋሽ እያለቀሰ ሳቀ። «አንተስ ወንድም ጋሼ፣ በጋውን ሙሉ ዝም አልህ። መንደሩ ይህን ያህል ወዶህ አያውቅም!»

ሰዉ ሁሉ ወደ ማማጆን ዞረ። ማማጆን መመታት አልለመደማ! ማማጆን ግንባሩን ቋጠረ። ወደ እግሩ አየ። ከዚያም ቀስ ብሎ እጁን ደረቱ ላይ አደረገና ከሁሉ አስቀድሞ ሳቀ። ኤርጋሽም እፎይ ብሎ አንገቱን አቀፈው።

ልጆቼ፣ በሰውማ ማንም ይስቃል። በራሱ መሳቅ የሚችል ሰው ግን ቁጣ ድንጋይ አያደርገውም።

ተረቴን መልሱልኝ፤ አፌን በሐብሐብ አርሱልኝ።