ከበሮ መቺ ያጣው ጦር

ነገሩ የሆነው በ፲፱፻፺፰ ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው። ልሣነወርቅ የሚባል የመድኃኒት ባለሙያ፣ ጣት በሚያካክሉ የቆርቆሮ ወታደሮች የድሮ ጦርነቶችን ጠረጴዛ ላይ ከሚዋጉ የፒያሳ ሰዎች አንዱ ነበር። እነዚህ ሰዎች የማይጥሱት ደንብ ነበራቸው፦ ከበሮ መቺ የሌለው ጦር ወንዝ አይሻገርም። ወንዙ ሰማያዊ ጨርቅ ነው፤ ደንቡ ግን ደንብ ነው። ከበሮ መቺ ያጣው የልሣነወርቅ ጦር ሁልጊዜ ከወንዙ ወዲህ ተሰልፎ ይደበደብ ነበር።

በመጪው ቅዳሜ ከጨዋታ ጓደኛው ከጋሽ ተክለማርያም ጋር ይገጥማል። ሽማግሌው ሰኞ ዓይናቸውን ለመታከም ሆስፒታል ይገባሉ፤ ከዚያ በኋላ ማየታቸውን ሐኪሙም እርግጠኛ አልነበረም። ልሣነወርቅ እርሳቸው እያዩት፣ አንዲት ጊዜ እንኳ፣ መሻገር ፈለገ።

ሰዎቹ በሚሰበሰቡበትና ወታደሮቻቸውን በሚገዙበት በወይዘሮ ብርነሽ ሱቅ፣ አንድ ወታደር ያለበት የታሸገ ሣጥን በግማሽ ዋጋ ይሸጣል። በውስጡ ያለውን እርሳቸውም አያውቁም። የገዛ ሰው እዚያው ባንኮኒው ላይ፣ ሰው እያየው ይከፍታል፤ መመለስ የለም። ልሣነወርቅ ከበሮ መቺ ተመኝቶ ከፈተ፤ ድስት ላይ ያጎነበሰ ወጥ ሠሪ ወጣለት።

«እንግዲህ ጦርህ በልቶ ይተኛል» አሉት ጋሽ ተክለማርያም።

ሱቁ በሙሉ ሳቀ። ልሣነወርቅ አፍሮ ወጥ ሠሪውን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተና ረሳው። ሽማግሌው ትርፍ ከበሮ መቺ እንዳላቸው ግን ያውቅ ነበርና ለመናቸው። መድፍ አምጣና ውሰድ አሉት።

መድፍ ያለው ዶክተር ይርጋዓለም ነው፤ ሰጥቶም አያውቅም። ልሣነወርቅ ሄደና መድፍ ካልመጣ ከበሮ መቺ የለም፤ ከበሮ መቺ ከሌለ ወንዝ መሻገር የለም አለው። ዶክተሩም ጄኔራሌ በእግሩ እየሄደ መድፍ አልሰጥም፤ ፈረስ አምጣ አለው።

ፈረስ ያላቸው ሰዓት ሠሪው ሙሴ ቫርታን ናቸው። ልሣነወርቅ ሄደና ፈረስ ካልመጣ መድፍ የለም፤ መድፍ ካልመጣ ከበሮ መቺ የለም፤ ከበሮ መቺ ከሌለ ወንዝ መሻገር የለም አላቸው። ሙሴ ቫርታን መነጽራቸውን ሳያወልቁ፣ ፈረሶቼ የሚከተሉት ሰንደቅ የላቸውም፤ ሰንደቅ ያዥ አምጣ አሉት።

ሰንደቅ ያዥ ያላቸው ሻምበል ዘርይሁን ናቸው፤ ጉልበታቸውን ታመው ከሱቁ ከራቁ ሰንብተዋል። ልሣነወርቅ ገዳም ሰፈር ድረስ ሄደና ሰንደቅ ያዥ ካልመጣ ፈረስ የለም፤ ፈረስ ካልመጣ መድፍ የለም፤ መድፍ ካልመጣ ከበሮ መቺ የለም፤ ከበሮ መቺ ከሌለ ወንዝ መሻገር የለም አላቸው።

«ስማኝ ልጄ» አሉት ሻምበሉ። «ዕድሜዬን ስንቅ ሳድል ነው የኖርሁት። ያለ ወጥ ቤት የዘመተ ጦር አላየሁም። ጦሬ ተርቧል፤ ወጥ ሠሪ አምጣልኝ።»

ልሣነወርቅ ተስፋው ተሟጦ፣ ወጥ ሠሪ ካልመጣ ሰንደቅ ያዥ የለም፤ ሰንደቅ ያዥ ካልመጣ ፈረስ የለም፤ ፈረስ ካልመጣ መድፍ የለም፤ መድፍ ካልመጣ ብሎ ላቡን ሊጠርግ መሐረብ ፍለጋ እጁን ኪሱ ከተተ። ጣቱን ድስት ነካው።

ሻምበሉ ወጥ ሠሪውን ተቀበሉ፤ ሰንደቅ ያዡን ሰጡ። ሙሴ ቫርታን ሰንደቅ ያዡን ተቀበሉ፤ ፈረሱን ሰጡ። ዶክተሩ ፈረሱን ተቀበለ፤ እየከፋው መድፉን ሰጠ። ጋሽ ተክለማርያም መድፉን ተቀበሉ፤ በጣታቸው ዳሰሱት፤ ከበሮ መቺውን ሰጡ።

ቅዳሜ ከበሮ መቺው ቀደመ፤ ጦሩ ተከተለ። ጋሽ ተክለማርያም አፍንጫቸው ጨርቁን ሊነካ እስኪደርስ ጎንበስ ብለው አዩ።

«ተሻገርክ» አሉትና እጃቸውን ዘረጉለት።

ከዓመታት በኋላ፣ ጋሽ ተክለማርያም ካረፉ ወዲህ፣ ልጃቸው ሰብለ ወታደሮቻቸውን ለወዳጆቻቸው ስታከፋፍል ልሣነወርቅን ጠራችው። አንዱ መሳቢያ ከአፍ እስከ ገደፉ መድፍ ነበር። ይህ ሁሉ እያላቸው ለምን መድፍ አምጣ አሉኝ ብሎ ጠየቃት።

«ይርጋዓለም መድፍ ይሰጥሃል ብሎ አባቴ አላሰበማ» አለችው።