ትልልቆቹ ዓሦች የት ገቡ?

በአንድ ሐይቅ ዳር ዓሣ ጠብሳ የምታድር፣ መልስ የማይቸግራት ሴት ነበረች። አንድ ቀን፣ የሐይቁ ዓሣ ለልጅ ልጅ እንዲተርፍ ጥናት የሚያስጠኑ ትልቅ ሹም ከስብሰባቸው ወጥተው ከነአጃቢዎቻቸው ለምሳ ቤቷ ገቡ። ሁለተኛውን ሳህን ካጋመሱ በኋላ፣ ጣት የምታህል አንዲት ዓሣ በጭራዋ አንጠልጥለው ተቆጡ።

«ይቺ እኮ ገና ያላደገች ናት! ትልልቆቹን የት አደረሳችኋቸው? አሁኑኑ ካልነገርሽኝ ቤትሽን አሳሽገዋለሁ!»

የሴትዮዋ ልብ ድንግጥ አለ፤ ከዚያች መጥበሻ ሌላ መተዳደሪያ የላትም። ምላሷ ግን አልደነገጠም።

«ትልልቆቹማ፣ ጌታዬ፣ ትንንሾቹ እንዴት እንደሚተርፉ ሲመክሩ አርፍደው፣ ይኸው ትንንሾቹን ሊበሉ እኔ ቤት ተሰብስበዋል።»

አጃቢዎቹ ሳቃቸውን በመሐረብ አፈኑ። ሹሙም ዓሣዋን ቀስ ብለው ወደ ሳህኑ መለሱና፣ የማሸጉን ነገር ሳያነሱ ወጡ።