የሰው በሬ ያለበት ፎቶ

ዘመኑ ሁለት ሺህ አሥራ ስድስት ነው፤ ወሩ ሰኔ። ዝናቡ በጊዜው ገብቷል፤ ጠዋት ጠዋት ጉም ነበር።

ልጄ አስረበብ ከምትማርበት ከተማ መጣች። እዚያ ከአንዲት ጓደኛዋ ጋር ቤት ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ከመምጣቷ በፊት እዚያው ቤት ስልኳን ዘርግታ የራሷን ፎቶ አነሳች፤ ሰልፊ ይሉታል። ከዚያም ሰው ሁሉ በሚያይበት ለቀቀችው። እሷ ከፊት ትስቃለች። ከኋላዋ ጓደኛዋ በውስጥ ልብስ ጎንበስ ብላ ፀጉሯን ትታጠባለች። አስረበብ ልብ አላለቻትም። ተማሪው ሁሉ ግን አየ። ጓደኛዋ አልቅሳ፣ ዕቃዋን ጠቅልላ አክስቷ ቤት ገባች።

የአስረበብ እናት «ስልኩን ቀማት» አለችኝ። ቀማኋት።

አስረበብ ወደ በረቱ ተከትላኝ መጣች። «አባዬ፣ ያነሳሁት የራሴን ፊት ነው። ሰው የራሱን ፊት ቢያሳይ ማንን ይጎዳል?» አለችኝ።

ብዙ መናገር አልወድም። ጥያቄው ግን መልስ የሚገባው ነበር። የምጠርበውን ሞፈር አስቀምጬ እንዲህ አልኋት።

አንድ ሰው ነበረ። ገበሬ ነው። አንድ በሬ ነበረው። ጎረቤቱ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ እሷም አንድ በሬ ነበራት። በአንድ በሬ አይታረስም። ስለዚህ በሬዎቻቸውን አቀናጁ፤ እሱ የራሱንም የእሷንም ማሳ ያርስ ነበር። የእሱ በሬ ተዋጊ ነው፤ ከጌታው በቀር ማንንም አያስጠጋም። የእሷ ገራም ነው፤ ሕፃን ይነዳዋል። ግራ ቀንዱ ወደ ታች የታጠፈ ነበር።

«አባዬ፣ የእትዬ ዘርፌ በሬም እኮ ቀንዱ...»

«በሬ ሁሉ ቀንድ አለው። ስሚ።»

ያ ሰው አዲስ ስልክ ገዛ። በግንቦት ሰርግ ሊሄድ አዲስ ኮቱን ለብሶ፣ በግቢው በታሰሩት በሁለቱ በሬዎች መካከል ቆሞ ራሱን አነሳ። ድዱ እስኪታይ ሳቀ። ከሥሩ «መንደሩ በሙሉ ሰርግ ሄደናል፤ እስከ ሰኞ የለንም» ብሎ ጻፈና ለቀቀው። ዘመዶቹ «አማረብህ» አሉት። ሃያ ዓመት ያልተያዩት የአክስቱ ልጅ ሳይቀር አይቶት ደወለለት። ደስ አለው። ደስ ማለቱ ክፉ አይደለም።

ሌባም አየው። በጠራራ ፀሐይ መጣ። የሰውየውን በሬ ሊፈታ ሲጠጋ ቀንዱን ሰበቀበት። ገራሙን ፈትቶ ሄደ።

ሰውየው ሲመለስ የራሱ በሬ ተኝቶ ያመሰኳል። የጎረቤቱ በሬ የታሰረበት ችካል ባዶ ነው። ክረምቱ ሊገባ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። በሬው ካልተገኘ የሁለቱም ማሳ ጦም ሊያድር ነው።

ሰውየው አፈረ። ስልኩን አውጥቶ ፎቶውን ሊያጠፋው ሲል ሴትዮዋ እጁን ያዘችው።

«አታጥፋ! በሬዬ ሌላ ፎቶ የለውም። ይልቅ የአንተን ጥርስ ከዚያ ላይ ቁረጥና ቀንዱን አሳይበት።»

ሰውየው የራሱን ፊትና የራሱን በሬ ከፎቶው ቆርጦ አወጣ። የቀረው የሴትዮዋ በሬ ብቻ ነው። «ጠፍቷል» ብሎ ጽፎ ላከው። በአራተኛው ቀን፣ ከወንዝ ማዶ ባለ ገበያ፣ ፎቶው የደረሰው አንድ ነጋዴ ያንን ቀንድ አየ። በዚያ ገበያ በሬ የሚሸጥ ሰው ዋስ ይጠራል። ነጋዴው ገዢ መስሎ ወደ ሻጩ ቀረበና «ዋስህን ጥራ» አለው። ሻጩ «ላምጣ» ብሎ ገመዱን አስይዞት ሄደ። እስከ ዛሬ ዋስ እየፈለገ ነው።

በሬው ተመለሰ። ማሳውም ታረሰ። ሴትዮዋ ግን «ፎቶው ያማረው አንተ ስትወጣበት ነው» አለችው።

አስረበብ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

«ልጄ፣ አንቺም እንደዚያ ሰው ነሽ። ፊቱ የራስሽ ነው፤ ከኋላሽ ያለው ግን የሰው በሬ ነው። ጓደኛሽ ለፎቶ አልቆመችም፤ ፀጉሯን ነው የምትታጠበው። ቤትሽ ባዶ ነው ብለሽ ስትጽፊም የሚያነበው ወዳጅ ብቻ አይደለም። ፎቶ ክፉ ቢሆን ኖሮ በሬውን ባልመለሰ። ከመልቀቅሽ በፊት ዞር በዪና ኋላሽን እዪ። የሰው ካለበት ባለቤቱን ጠይቂ።»

ስልኩን መለስሁላት። ያንን ፎቶ እፊቴ አጠፋችው።

በማግስቱ አብሬያት ወደ ጓደኛዋ አክስት ቤት ሄድሁ። ልጄ ይቅርታ ጠየቀች። ልጅቷ ትንሽ አኮረፈች፣ ትንሽ አለቀሰች። ከዚያ ለእረፍት ከእኛ ጋር መጣች።

ግቢያችን እንደደረስን አስረበብ ስልኳን አወጣች። «ላንሳሽ?» አለቻት። ጓደኛዋ ነጠላዋን አስተካክላ «አሁን አዎ» አለች። «አባዬ፣ አንተም ና» አሉኝ። ሄጄ ቆምሁ። ዞር ብዬ ሳይ ቀንዱ የታጠፈው በሬ ከኋላችን ቆሟል።

«ቆዩ» አልኋቸውና ወደ ጎረቤታችን አጥር ሄድሁ።

«እትዬ ዘርፌ! በሬሽ ፎቶ ይነሳ?»

«አንተ ከሌለህበት ይነሳ!» አለች ከማዶ።

ከፎቶው ወጣሁ።